እንዶድ፣ ዛጎልና አንድ ቅጽ

ባለፈው ነሐሴ አሜሪካ ውስጥ ኤሪ ሐይቅ ዳር በባዶ እግሬ ስራመድ ውስጥ እግሬን ቆረጠኝ። የተሰበረ ጠርሙስ ነው ብዬ ጎንበስ ስል፣ አሸዋ መስሎኝ የረገጥኩት ግማሹ አሸዋ አልነበረም። የጣት ጥፍር የሚያህል፣ ቡናማና ነጭ መስመር የተሰመረበት ዛጎል ነው፤ ዳርቻውን ሞልቶታል። የኦሃዮ ሰዎች ዜብራ መስል ይሉታል። በኛ ቋንቋ የሜዳ አህያ ዛጎል ብንለው መስመሩን ላየ ሰው ግር አይለውም። ልጄ አንድ እፍኝ አፈሰና «እማ፣ ይበላል?» አለኝ። አይበላም። ውሃ እያጣራ የሚኖር ፍጡር ስለሆነ የሐይቁን ቆሻሻ ሁሉ በሆዱ ያጠራቅማል።

ባለቤቴ ፕላስተር ሊያመጣ ወደ መኪናው ሲሮጥ፣ እኔ ደሜን እያጠብኩ የማስበው ስለ እናቴ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነበር። ይህ ዛጎልና ያ ሳፋ በአንድ የፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ መብት፣ ወረቀት ላይ ተገናኝተዋል። ወረቀቱን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ በመጀመሪያ በንዴት፣ በኋላ ግን በሌላ ስሜት። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እናቴ ነጠላዋንና ጋቢዋን በሳሙና አታጥብም። ሳሙና ጥለቱን ያደበዝዘዋል፣ ጥጡንም ያሻክረዋል ባይ ናት። ደብረ ብርሃን ስናድግ ከጓዳችን በጨርቅ የተቋጠረ የደረቀ እንዶድ አይጠፋም ነበር። ቅዳሜ ጠዋት በሙቀጫ መውቀጡ የኔ ሥራ ነው። እንዶድ የወቀጠ ያውቀዋል፤ ብናኙ አንዴ አፍንጫ ውስጥ ከገባ ማስነጠሱ አያባራም። አፍንጫዬን በሻሽ አስሬ፣ ፊቴን ወደ በሩ አዙሬ ነበር የምወቅጠው። ከዚያ ሳፋው ውስጥ ውሃ ይጨመርበትና ይቆያል። እናቴ መቆየቱ ላይ ቀልድ አታውቅም። ቸኩዬ እጄን ከሰደድኩ «ተዪው፣ ኩፍ ይበል!» ትለኛለች።

ይቺን «ኩፍ ይበል» ከብዙ ዓመት በኋላ በኬሚስትሪ ቋንቋ ተጽፋ አገኘኋት። የእንዶድ ፍሬ አረፋ የሚሰጠው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለው ነው። ባልተነካው ፍሬ ውስጥ ይህ ሳፖኒን በሁለት በኩል የስኳር ሰንሰለት ተንጠልጥሎበታል፤ እንዲህ ሆኖ ሳለ ቀንድ አውጣ ላይ ያን ያህል ጉልበት የለውም። ፍሬው ሲወቀጥና ውሃ ሲያገኘው ግን በራሱ ውስጥ ያለ ኤንዛይም አንደኛውን ሰንሰለት ይቆርጠዋል። ቀንድ አውጣ የሚገድለው ይህ የተቆረጠው ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ በውሃ ፈንታ ሜታኖል የተጠቀመ ሰው ኤንዛይሙን ሥራ ያስፈታዋል፤ የሚያገኘውም ደካማውን ዓይነት ነው። መውቀጥ፣ ውሃ ማድረግ፣ ማቆየት። አንድ መሐንዲስ የአሠራር ሂደት ብሎ ደረጃ በደረጃ ቢጽፈው ከዚህ የተለየ አይጽፍም።

ወደ ዋናው ታሪክ ልምጣ። በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው የተመለሱት ወጣቱ የጥገኛ ተሕዋስያን ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ ብልሃርዚያን ሊያጠኑ አድዋ ሄዱ። ብልሃርዚያ የሚያመጣው ትል ወደ ሰው ቆዳ ከመግባቱ በፊት በወንዝና በኩሬ ቀንድ አውጣ ሆድ ውስጥ ማደግ አለበት፤ ቀንድ አውጣው ከሌለ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ዶክተሩም በጅረቶቹ ዳር ቀንድ አውጣ እየፈለጉ ሲሄዱ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። ከላይ ግን በሕይወት ያሉ ሞልተዋል። እሳቸው እንደተረኩት ከአጣቢዎቹ አንዷን አረፋ ለመኑ፣ በሕይወት ያሉትን ቀንድ አውጣዎች ጨመሩበት፤ ወዲያው ሞቱ።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። ለኔ ደግሞ የሚጥመኝ የሚቀጥለው ነው፤ ምክንያቱም አንድ ነገር አይቶ ከመደነቅ እስከ ማረጋገጥ ያለው መንገድ ሥራዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ፤ ያደክማል። የመጀመሪያው አጭር ዘገባ በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ወጣ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የፓቶባዮሎጂ ተቋም ተመሠረተ፤ ዛሬ የሚጠራው በአክሊሉ ስም ነው። አድዋ ላይ ከ1969 እስከ 1974 ለአምስት ዓመት ጅረቶቹ በእንዶድ ሲታከሙ፣ በትናንሽ ልጆች ላይ የብልሃርዚያ ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። የዕፅዋት ተመራማሪው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ቦታዎች የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው፣ ተክለው፣ አወዳድረው፣ ዓይነት 44 የተባለውን ኃይለኛ ዝርያ መረጡ። ሁለቱ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት በጋራ ተሸለሙ።

ከአድዋው ጅረት እስከ ሽልማቱ 25 ዓመት ነው። በመካከሉ አክሊሉ በየስብሰባው የሚያነሱት ቅሬታ ነበራቸው። አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራ ሙከራ ሀብታም አገር ቤተ ሙከራ ውስጥ እንደገና ካልተሠራ እንደ ማስረጃ አይቆጠርም ነበር። የመርዛማነት ምርመራው በታወቀው ደረጃ ይሠራ ተባለ፤ ለዚያ የሚሆን ገንዘብና መሣሪያ ደግሞ አገር ቤት አልነበረም። በ1983 ሉሳካ፣ በ1986 ኒው ዮርክ ስለ እንዶድ ስብሰባ ተደረገ። ይህ ሁሉ ሲሆን ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን መጣ። በአንድ ጊዜ መጠን ትሉን የሚገድል መድኃኒት ከተገኘ ወዲህ ቀንድ አውጣ የማጥፋቱ ጉዳይ ከፊት ወንበር ወደ ኋላ ተገፋ። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ ክኒኑ ብዙ ልጆችን አድኗል። ብቻ አንድ ግኝት ውሳኔ ሲጠብቅ ጊዜው እንዴት ጥሎት እንደሚሄድ ማየት ያንገበግባል።

አሁን ወደ ቆረጠኝ ዛጎል።

ዜብራ መስል የጥቁር ባሕርና የካስፒያን አካባቢ ፍጡር ነው። ወደ ሰሜን አሜሪካ የመጣው መርከቦች ሚዛን ለመጠበቅ በሆዳቸው በሚሸከሙት ውሃ ተሳፍሮ ሲሆን፣ ሴንት ክሌር ሐይቅ ውስጥ መኖሩ የታወቀው በ1988 ነው። በዓመቱ ኤሪ ሐይቅ ገብቶ፣ ሞንሮ በምትባለው የሚቺጋን ከተማ የውሃ መሳቢያ ቧንቧውን ደፈነና ነዋሪው ውሃ ተቋረጠበት። ከሞንሮ ብዙ ሳይርቅ የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ አለ። ይህ ዩኒቨርሲቲ በ1990 ለአክሊሉ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። ቀንድ አውጣና ዜብራ መስል ሁለቱም ለስላሳ አካል ያላቸው ባለ ዛጎል ፍጡሮች ናቸው፤ የሩቅ ዘመዳሞች እንበላቸው። አንዱን የገደለ ሌላውንስ? የቶሊዶው ተመራማሪ ሃሮልድ ሊ እንዶዱን በዜብራ መስል ላይ ሞከሩት፤ ሠራ። በ1993 ዜብራ መስልን በእንዶድ ጭማቂ የመቆጣጠር ዘዴ የአሜሪካ ፓተንት ተሰጠው።

ወጣት ሳለሁ የሰማሁት ታሪክ «እንዶዳችንን ፈረንጆች ሰረቁን» የሚል ነበር። እኔም ኮለምበስ ውስጥ ቡና በተጠጣበት ቤት ሁሉ ሳወራው ኖሬአለሁ፤ ሦስተኛው ስኒ ላይ ድምፄ ከፍ ይላል። አንድ ቀን ግን ፓተንቱን ራሱን ከፍቼ አነበብኩት። የፈጣሪዎቹ ስም ከተዘረዘረበት ቦታ ላይ የአክሊሉ ለማ ስም አለ።

ለካ እኔ ሁለት መስመር እያምታታሁ ኖሬ ነው። የፓተንት የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ፈጣሪ» የሚል መስመር አለ፣ «ባለመብት» የሚል ሌላ መስመር አለ። ፈጣሪው ሁልጊዜ ሰው ነው። ባለመብቱ አብዛኛውን ጊዜ አሠሪው ነው፤ እዚህ ላይ ዩኒቨርሲቲው። ፈጣሪ ሆኖ መመዝገብ ክብር ነው፤ መሸጥ፣ ማከራየት፣ መከልከል የሚችለው ግን ባለመብቱ ብቻ ነው። ሌላም ስሕተት ነበረኝ። ፓተንቱ እንዶድን አልያዘም። የያዘው አንድ ጠባብ አጠቃቀም ነው። እናቴ ጋቢዋን ብታጥብበት ማንም አይጠይቃትም፤ አድዋም ጅረት ቢታከምበት አይነካም። ብልሃርዚያን በሚመለከት አክሊሉ ገና በ1965 ለዓለም ስላሳወቁት፣ አዲስ ነው ብሎ ፓተንት የሚጠይቅበት ሰው አይኖርም።

ታዲያ ንዴቴ መሠረት አልነበረውም ማለት ነው? ነበረው፤ ያለው ግን እኔ በፈለግኩት ቦታ አልነበረም። በዚያን ጊዜ በነበረው የአሜሪካ ሕግ፣ አንድን ፈጠራ «ይህ አዲስ አይደለም» ብሎ ለመጣል ከአሜሪካ ውጪ የሚታወቅ ዕውቀት የሚቆጠረው በጽሑፍ ታትሞ ከወጣ ወይም ፓተንት ካለው ብቻ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ሰው ሲያደርገው ከታየ ያለ ጽሑፍም ይቆጠራል። አድዋ ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመት ሲደረግ የኖረ ነገር ግን ካልታተመ እንደሌለ ነው። ይህ የተለወጠው በ2013 ሥራ ላይ በዋለው ማሻሻያ ነው። የሚገርመው፣ የኛው የ1995 የፈጠራ አዋጅ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 123፣ በዓለም ላይ የትም ቦታ በቃል የተነገረውንም ሆነ በተግባር የታየውን ይቆጥራል። ደሃው አገር የጻፈው ሕግ የአጣቢዋን እጅ ያየበት ጊዜ ነበር።

ጤፍን የምታነሱብኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የኔዘርላንዱ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ያገኘውን ፓተንት የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 ሽሮታል፤ የፈጠራ ብልሃት የለበትም ብሎ። ያ ግን የኩባንያ ነገር ነው፣ ከዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ጋር አልቀላቅለውም።

ዩኒቨርሲቲዎች ለምን ፓተንት እንደሚያሳድዱ ለመረዳት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አሜሪካ በ1980 ቤይ-ዶል የሚባል ሕግ አወጣች፤ በመንግሥት ገንዘብ በተሠራ ምርምር የተገኘውን ፈጠራ ዩኒቨርሲቲው እንዲይዘው ፈቀደች። የጉግል መነሻ የሆነው ድረ ገጾችን በደረጃ የመደርደር ዘዴ ፓተንቱ የስታንፎርድ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው ለፈቃዱ ያገኛቸውን አክሲዮኖች ሸጦ 336 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። ይህን የሰማ የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሁሉ በየቤተ ሙከራው ጓዳ ጉግል የተደበቀ ይመስለዋል። በሌላ በኩል የኢንሱሊን ፈጣሪዎች መብታቸውን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሸጡት በነፍስ ወከፍ በአንድ ዶላር ነበር። የእንዶዱ ፓተንት ከሁለቱም አይደለም። የውሃ ድርጅቶች ቧንቧቸውን በዋናነት በክሎሪን መጠበቁን ቀጠሉ፤ የፓተንቱም ዘመን ካለፈ ቆይቷል። ያ ሁሉ የቡና ላይ ጩኸቴ ለማን እንደነበር እንጃ።

ዘንድሮ ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ዛጎሉ ብቻ አይደለም። ቅጽ ሞልቼ ስለነበር ነው።

የምሠራው በአንድ ዩኒቨርሲቲ የውሃ ማጣሪያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ርእሳችን ፍሎራይድ ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የጉድጓድ ውሃ ጠጥቶ ያደገ ሰው ጥርሱ ለምን ቡናማ እንደሆነ አታጡትም። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በዚያ አካባቢ ከዚህ እጅግ የሚያልፍ ጉድጓድ ሞልቷል። ፍሎራይድን ለመያዝ ከሚረዱት ነገሮች አንዱ አየር በሌለበት የከሰለ የከብት አጥንት ነው። አጥንቱ ሙቀቱ ካልበቃው ውሃውን ያሸተዋል፤ ከመጠን በላይ ከጋለ ደግሞ የመያዝ አቅሙን ያጣል። ስለዚህ ሥራችን ባብዛኛው ምድጃ መጠበቅ ነው ማለት ይቻላል።

ምድጃውን የሚጠብቁት አንድ ቴክኒሺያን ናቸው፤ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ዝምተኛ ሰው። አንድ ሐሙስ የልጅ ልጃቸውን ከትምህርት ቤት ለማምጣት ቸኩለው፣ እንደ ደንቡ ክዳኑን ከፍተው ማቀዝቀዝ ሲገባቸው እንደተከደነ አጥፍተውት ሄዱ። ዓርብ ጠዋት ናሙናውን በመዳፋቸው ይዘው መጡና «የሐሙሱ እጅ አያቆሽሽም፤ ልጣለው ወይስ ታዪዋለሽ?» አሉኝ። እጃቸውን አየሁ። ሌላ ጊዜ እስከ አንጓቸው የሚጠቁረው እጅ ንጹሕ ነው። ልጣለው ማለታቸው ደንቡን ስለጣሱ አፍረው ነው። አልጣልነውም። ስለካው ከመደበኛው በጣም የተሻለ ፍሎራይድ ያዘ። ከዚያ በኋላ የስምንት ወር ሥራ ነው፤ የማቀዝቀዙን ፍጥነት እየለዋወጥኩ፣ እየመዘንኩ፣ ለምን እንደሚሆን እስክረዳ።

የቴክኖሎጂ ሽግግር ቢሮው የፈጠራ ማሳወቂያ ቅጽ ላከልኝ። ስድስተኛው ጥያቄ «ለሐሳቡ አስተዋጽኦ ያደረጉትን ሁሉ ዘርዝሪ» ይላል። የኔን ስም፣ የአለቃዬን ስም፣ የቴክኒሺያኑን ስም ጻፍኩ። ከሳምንት በኋላ ጠበቃዋ ደወለች። ደግ ሴት ናት፤ የሥራዋን ነው የጠየቀችኝ።

«ምድጃውን ለምን ሳይከፍቱት ሄዱ?»

«ልጅ ሊያመጡ።»

«በቀስታ ከቀዘቀዘ የተሻለ ይሆናል ብለው አስበው ነበር?»

«አላሰቡም።»

«ልዩነቱን ሲያዩ ለፍሎራይድ ይጠቅማል አሉሽ?»

«ልጣለው ወይ ነው ያሉኝ።»

«እንግዲያው ፈጣሪ አይደሉም።»

ሕጉ እንደዚያ ነው። ፈጣሪ ማለት ሐሳቡ በአእምሮው ሙሉ ሆኖ የተቀረጸለት ሰው ነው፤ እጁ የሠራው አይደለም፣ ዓይኑ መጀመሪያ ያረፈበትም አይደለም። የማይገባውን ሰው በውለታ መጨመርም ነውር ብቻ ሳይሆን አደጋ ነው፤ ሆን ተብሎ የተሳሳተ የፈጣሪዎች ዝርዝር ፓተንቱን ራሱን ሊያስጥለው ይችላል። ስማቸውን ሰረዝኩ። ፈረምኩ። ባለመብቱ ዩኒቨርሲቲው ነው፤ ስቀጠር ፈርሜለታለሁ፤ የኢትዮጵያም ሕግ ቢሆን ሠራተኛ በሥራው ያፈለቀውን ለአሠሪው ነው የሚሰጠው።

ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ታሪክ ውስጥ ራሴን የምቆጥረው ከአጣቢዎቹ ወገን ነበር። የሚወቀጠው እንዶድ የኔ፣ ሳፋው የኔ፣ የተወሰደብኝ እኔ። ያቺን ብዕር ስይዝ ግን የቆምኩት በሌላው ወገን ነው፤ ጎንበስ ብሎ የሞተውን ቀንድ አውጣ ከሚያነሳው ሰው ጎን። አክሊሉ ያላዩትን አየሁ አላሉም፣ የሌላ ሰው ሥራ አልወሰዱም። አጣቢዎቹ ቀንድ አውጣ ለመግደል አልመጡም፤ ልብስ ሊያጥቡ ነው የመጡት። ሽማግሌውም ምድጃ አልፈለሰፉም፤ ልጅ ሊያመጡ ነው የሄዱት። ሕጉ አልተሳሳተም። የከነከነኝም እሱ ነው፤ ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ ሰኞ ጠዋት ተነስቼ እከራከር ነበር።

ለቴክኒሺያኑ ራሴ ነገርኳቸው። ጽሑፉ ሲታተም ምስጋናው ላይ ስማቸው እንደሚወጣ፣ ፓተንቱ ላይ ግን እንደማይወጣ። ጓንታቸውን እያወለቁ ሰሙኝ።

«እስካሁን ስንት ብር አመጣ?» አሉ።

«ምንም። ማመልከቻው ገና በመርማሪው እጅ ነው።»

«እንግዲያ የቀነሱብኝ ነገር የለም» አሉና ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። በሳምንቱ ምድጃው በር ላይ በእጃቸው የተጻፈ ወረቀት ለጥፈው አገኘሁ፤ ሲጠፋ ክዳኑ አይከፈት ይላል። ተማሪዎቹ የኔ መመሪያ ይመስላቸዋል።

እሑድ እናቴ ጋ ደውዬ የእንዶዱን ታሪክ ከአድዋ እስከ ቶሊዶ ነገርኳት። የዛጎሉንም፣ የእግሬንም። አታቋርጠኝም ነበር፤ ይህ ለሷ ብርቅ ነው። ስጨርስ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ እግሬ ነው። ሁለተኛ፣ ያልበሰለው አረንጓዴ ፍሬ እንደሚበልጥ ሰውየው ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አዎ፣ ያውቁ ነበር አልኳት፤ ተመራማሪዎቹ ለክተውታል፣ ኃይሉ ሳይበስል ነው የሚበልጠው።

«ደግ» አለች። ትንሽ ቆየችና፣ «ያቺ አረፋ የሰጠችውስ?»

«ምን እሷ?»

«አረፋውን አንስታ ለሱ ከሰጠች፣ ልብሱ ታጥቦ አለቀ?»